ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል? የማንስ ነው?

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በሞጆ፥ በመቂና በባቱ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው የሚደርሱበት፥ ውሃው ቡናማ የሆነ ሐይቅ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሊዋኝና ሊያርፍ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለ ሆነ በዳርቻው ትልልቅ ሎጆችም ትንንሽ ማረፊያዎችም ተሠርተዋል። ቀድሞ እንግዳው የሚያርፍበትን ቤት የሚመርጠው መንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ አይቶ ወይም ወዳጁን ጠይቆ ነበር፤ ዛሬ ግን ከቤቱ ሳይነሣ በስልኩ ፈልጎ፥ ክፍሉን በፎቶግራፍ አይቶ፥ ዋጋውን አነጻጽሮ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ለአንድ ማረፊያ ቤት ድረ ገጽ ማለት ሁለተኛ በር ማለት ነው።

አክስቴ በሐይቁ ዳር ስድስት ክፍል ያላት አነስተኛ ማረፊያ አላቸው። የዚህች ማረፊያ ሁለተኛ በር ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ ድረ ገጹን የሠራላቸው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ሥራውን በደኅና ካስረከበ በኋላ ስልኩን ለወጠ፤ የዓመቱ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ፤ ስሙንም ሌላ ሰው ገዛው። አሁን ያንን ስም በስልኩ የጻፈ እንግዳ የሚያገኘው የላንጋኖን ዳርቻ ሳይሆን በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ማስታወቂያ ነው። የቀድሞ ደንበኞች «ቤቱ ተዘጋ እንዴ?» እያሉ በሰው በሰው ይጠይቁ ነበር።

በዚህ ዓመት በመንፈቅ ዕረፍት ሦስት የሙያው ሰዎች ድረ ገጹን እንደ ገና ለመሥራት አክስቴ ዘንድ ተሰብስበው ሲመካከሩ እኔም ቡና እያቀረብሁ አዳምጣቸው ነበር። የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ባቀርበው ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ከመካከላችን ነገ ሱቅ፥ ክሊኒክ ወይም ማኅበር የሚያቋቁም አይጠፋምና።

በመጀመሪያ ድረ ገጽ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ሲሠራ እ. ኤ. አ. በ1989 ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1991 ደግሞ የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለዓለም ተገለጠ። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው በእጅ የሚጻፍ ፋይል ነበር፤ ጽሑፉም መልኩም በአንድነት ይጻፋል። ሃያ ገጽ ያለው ድርጅት የስልክ ቍጥሩን የለወጠ እንደ ሆነ ሃያውንም ገጽ እየከፈተ ማረም ነበረበት። አንዱን የረሳ እንደ ሆነ ደንበኛው ወደ ተዘጋ ስልክ ይደውላል።

ከዚህ ድካም ለመዳን የተፈለሰፈው ዘዴ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዐት ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ሲ ኤም ኤስ ብለው ያሳጥሩታል። አሠራሩን ለማስረዳት የባቱን አሣ ቤቶች እንደ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ሰው ገብቶ አሣ ሲያዝ፥ ቆሮሶው ከማለዳ ጀምሮ ተጠብሶ አይጠብቀውም። አሣው በአንድ ስፍራ፥ ዘይቱና ቅመሙ በሌላ ስፍራ ይቆያል፤ ትእዛዙ ሲመጣ ጠባሹ ሁለቱን አገናኝቶ በሳሕን ያቀርባል። ሲ ኤም ኤስም እንዲሁ ነው። ጽሑፉና ዋጋው ዳታቤዝ በሚባለው ጐተራ ይቀመጣል፤ የገጹ መልክ ደግሞ ቲም በሚሉት በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ እንግዳው በስልኩ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ከጐተራው አውጥቶ፥ መልኩን አልብሶ፥ በዚያችው ቅጽበት ገጹን ሠርቶ ይልክለታል። ስለዚህ የስልኩ ቍጥር በጐተራው አንድ ጊዜ ሲታረም በሁሉም ገጽ ላይ ይታረማል። ጠያቂ የበዛ እንደ ሆነ ጥቂት ገጾችን አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህን ካሽ ይሉታል። እሑድ ቀን ሰው ሲበዛ አስቀድሞ ጠብሶ እንደ መቈየት መሆኑ ነው። ልዩነቱ፥ የቈየ አሣ ጣዕሙ ሲጠፋ የተቀመጠ ገጽ ግን ዋጋው ካልተለወጠ በቀር አይበላሽም።

ለባለቤቱ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ይገባል፤ ደብዳቤ እንደሚጻፍበት ያለ ሰሌዳ ይከፈትለታል፤ ዋጋውን ለውጦ ማተሚያውን ይጫናል። የኮምፒዩተር ቋንቋ ማወቅ አያስፈልገውም።

ከነዚህ ሥርዐቶች ታዋቂዎቹ ክፍት ምንጭ ናቸው። ይኸውም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ አልተሰወረም፤ ማንም ሊያነበው፥ ሊያርመው፥ አባዝቶም ለሌላ ሊሰጠው ይችላል ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ. ኤ. አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌርን ሥራ ጀምሮ፥ በ1989 ጂ ፒ ኤል የተባለውን ፈቃድ አወጣ። በዚህ ፈቃድ የወጣውን ፕሮግራም አሻሽሎ ለሌላ የሚያከፋፍል ሰው ማሻሻያውንም በዚያው ነጻነት መስጠት አለበት። በእንግሊዝኛ ለነጻነትና ለዋጋ አልባነት አንድ ቃል ብቻ ስላላቸው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ። በአማርኛችን ግን አንዲት «በ» ትለየዋለች፤ ነጻ ሌላ ነው፥ በነጻ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ እግረ መንገዱንም በነጻ ይገኛል፤ ሠሪው ግን በነጻ አይሠራም።

በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ዎርድፕረስ ነው፤ ከአሥር ድረ ገጾች አራት ያህሉ በእርሱ የተሠሩ ናቸው። የተወለደበት ሁኔታ ያስገርማል። ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ ሰው ቢ ሁለት የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሥራውን ተወው። ምንጩ ክፍት ስለ ነበር ማት ሙለንወግ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ካቆመበት አንሥተው እ. ኤ. አ. ሜይ 27 ቀን 2003፥ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ. ም. ዎርድፕረስን አወጡ። ሙለንወግ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። ጁምላ ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2005 ማምቦ የተባለውን ፕሮግራም ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ከባለቤቱ ኩባንያ ጋር ባለመስማማት ተለይተው ያወጡት ነው። ስሙ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን «ሁሉም በአንድነት» ማለት ነው፤ እኛ በገበያ «ጅምላ» የምንለው ይኸው ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ድሩፓልን ቤልጅጋዊው ድሪስ ቦይታርት እ. ኤ. አ. በ2001 አወጣው።

ሦስቱ ባለሙያዎች ግን በቶሎ አልተስማሙም። የአጎቴ ልጅ፥ አዳማ ላይ በዚህ ሥራ የሚተዳደረው፥ ዎርድፕረስ ይሁን አለ። ምክንያቱም እርሱ ቢታመም ወይም ወደ ሌላ አገር ቢሄድ በአዳማም በሻሸመኔም ሥራውን የሚረከብ ሰው ይገኛል። ከአዲስ አበባ የመጡት፥ በዕድሜ ከፍ ያሉት ሰው፥ ስለ ድሩፓል ተከራከሩ፤ ብዙ ቋንቋ ለሚጠቀምና ብዙ ሠራተኛ ላለው ድርጅት አደረጃጀቱ የጠነከረ ነው አሉ። ነገር ግን ለመማር እንደሚከብድ እሳቸውም አልካዱም። ድሩፓል 7 የሚደረግለት ጥበቃ እ. ኤ. አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ስላበቃ፥ ከእርሱ ወደ አዲሱ መሻገር ቤትን ከመሠረቱ እንደ መሥራት ያህል ነው።

ሦስተኛዋ ባለሙያ ሁለቱንም ሳቀችባቸው። «ስድስት ክፍል ላላት ቤት ጐተራ ምን ያደርጋል? ሦስት ገጽ በእጅ ጽፈን እናስቀምጥ፤ የሚሰበር ነገር የለው፥ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል» አለች። በበኩሌ ይህን ስሰማ ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እውነትዋን ነውና። አክስቴ ግን ጀበናውን ወደ ጎን አድርገው፥ «ልጄ፥ ለፋሲካ ዋጋ ስለውጥ ማንን ልጥራ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ሁለት ዓመት ሰው ሲፈልጉ የከረሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ዎርድፕረስ ተመረጠ።

ሦስተኛዋ ባለሙያ በምርጫው ብትሸነፍም አንድ ነገር አስፈርማቸዋለች። ለዎርድፕረስ ልዩ ልዩ ሥራ የሚጨምሩ ፕለጊን የሚባሉ ተቀጥላዎች አሉ፤ የሌቦች መግቢያ በብዛት የሚገኘው በዋናው ፕሮግራም ሳይሆን በነዚህ ነው። አንዱ ተቀጥላ ሠሪው ሲተወው ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል። ስለዚህ የማያስፈልግ ተቀጥላ እንዳይገባ፥ ማሻሻያ በወጣ ጊዜም ሳይውል ሳያድር እንዲጫን ተስማሙ። ፎቶግራፎቹም በስልክ እንደ ተነሡ እንዳይሰቀሉ ከለከለች። የእንግዳው የስልክ ጥቅል በእኛ ሥዕል ማለቅ የለበትምና ተቀንሰው ይገቡ አለች።

የቋንቋው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ፤ እኔም ከሁሉ የወደድሁት ይህን ክፍል ነው። ገጹ በአማርኛ፥ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተፈለገ። ዎርድፕረስ ይህን በተቀጥላ ይሠራዋል፤ ጁምላና ድሩፓል ግን በራሳቸው ይችሉታል። አማርኛውን ለማሳየት ዛሬ ችግር የለም። የግዕዝ ፊደል እ. ኤ. አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገብቶአል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያሉ፥ በክፍት ፈቃድ የወጡ የፊደል ቅርጾችም አሉ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ከፊደል ቅርጽ በኩል አያስቸግርም፤ ነገር ግን ቁቤ ሲጠብቅ ተነባቢውን፥ ሲረዝም አናባቢውን ስለሚደግም ቃሉ ይረዝማል፤ ለአማርኛው የተበቃው ቁልፍ ለኦሮምኛው ይጠበዋል።

ከዚህ የባሰው የቀን አቈጣጠር ነው። የክፍል መያዣው ተቀጥላ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ለገና ዋዜማ ታኅሣሥ 28 ክፍል የፈለገ እንግዳ ዲሴምበር 28 ብሎ ቢሞላ ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ መያዙ ነው፤ መጥቶ ክፍሉ በሌላ ሰው ተይዞ ያገኘዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ እንግዳ የሚገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ገጹ 14 ይላል። ባለሙያዎቹ ከብዙ ምክር በኋላ ሁለቱንም አቈጣጠር ጎን ለጎን እንዲያሳይ አደረጉ፤ ምንጩ ክፍት ባይሆን ይህን ለማድረግ የባዕድ ኩባንያ ደጅ መጥናት ነበረባቸው።

ይሁን እንጂ ክፍት ምንጭ ሁሉን ነገር አይፈታም። እ. ኤ. አ. በሴፕቴምበር 2024 ሙለንወግ ደብልዩ ፒ ኤንጂን ከተባለ ትልቅ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ኩባንያ ጋር ተጣላ። ኩባንያው ከዎርድፕረስ ብዙ እየወሰደ ጥቂት ይመልሳል ብሎ ወቀሰው፤ ማሻሻያዎች ከሚከፋፈሉበትም ማዕከል አገደው። በዚያ ኩባንያ የሚተዳደሩ ድረ ገጾች በጠቡ መካከል ተቸገሩ። በዲሴምበር የአሜሪካ ፍርድ ቤት እገዳው ለጊዜው እንዲነሣ አዘዘ። ምንጩ የሁሉ ቢሆንም ማከፋፈያው በአንድ ሰው እጅ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አስተዋለ።

ገንዘቡም አለ። ፕሮግራሙ በነጻ ሲገኝ የሚቀመጥበት ሰርቨርና ስሙ ግን በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ በውጭ አገር ከሆነ በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የዚያው ሰርቨር ዋጋ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የአገራችንን «ነጥብ ኢ ቲ» የተባለ መጠሪያ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ድረ ገጽ ልመለስ። እርሱም የተሠራው በዎርድፕረስ ነበር! ፕሮግራሙ ክፍት፥ ጽሑፉ የአክስቴ፥ ፎቶግራፎቹም የእኛው ነበሩ። ታዲያ ለምን ጠፋ? ስሙ የተመዘገበው በሠሪው ስምና በሠሪው ኢሜይል ስለ ነበር ነው። ስም አይገዛም፤ በዓመት ይከራያል፤ ማሳሰቢያውም የሚላከው ለተመዘገበው ሰው ነው። የሰርቨሩም መግቢያ በእርሱ እጅ ነበር፤ የዳታቤዙን ግልባጭ ያስቀረ የለም። ሠሪው ክፉ ነበር አልልም፤ ምናልባት ማሳሰቢያውን አላየው ይሆናል። ነገር ግን የቤቱ ካርታ በግንበኛው ስም ከወጣ፥ ግንበኛው ደግ ቢሆንም ካርታው የእርሱ ነው።

በዚህ ጊዜ ስሙ በአክስቴ ስም፥ ለእሳቸው በተከፈተ ኢሜይል ተመዘገበ። የቀድሞውን ስም ከያዘው ሰው መልሶ መግዛት ስላልተቻለ ሌላ ስም ተመርጦአል። የይለፍ ቃሎቹን አክስቴ በሒሳብ ደብተራቸው መጨረሻ ገጽ ጽፈው በሣጥን ቈልፈውባቸዋል፤ የአጎቴ ልጅ ይህን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ፥ እኔ ግን ከእርሱ ስልክ ይሻላል ባይ ነኝ። የሚታደስበት ቀን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ በቀይ ተከብቦአል። በየወሩ መጀመሪያ የጐተራውንና የፎቶግራፎቹን ግልባጭ ወደ ፍላሽ የማወርደው እኔ ነኝ።

ለፋሲካ አክስቴ ዋጋውን ራሳቸው ለወጡ፤ መነጽራቸውን ለመፈለግ ከወሰደባቸው ጊዜ ያነሰ ነው የፈጀባቸው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ገጽ ተከፍቶአል። የአፋን ኦሮሞውን እኔና የክፍል ጓደኛዬ እየጻፍነው ነው፤ ስድስቱ ክፍሎች አልቀዋል፥ የቀረን እንግዳው ሁሉ የሚጠይቀውን፥ የሐይቁ ውሃ ለምን ቡናማ እንደ ሆነ የሚናገረው አንቀጽ ብቻ ነው።