ሰማንያ ቁርባን አይደለም

ጎብዬ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ አቦሉ አልቆ ቶናው እየተቀዳ ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በኢትዮጵያ ሊፈቀድ ነው፤ ካህናትም እንዲያጋቡ ይገደዳሉ!» ቡና የምታፈላው ሴት «ወላሂ!» ብላ የያዘችውን ሲኒ አየር ላይ አቆመችው። ክርስቲያን ናት፤ ወሎ ውስጥ «ወላሂ» ለማለት እስላም መሆን አይጠይቅም። ሁሉም ሲንጫጫ የቅሬያችን (የዕድራችን) ዳኛ ብቻ ጠበቅ አድርገው «ማነው የጻፈው?» አሉ። ወጣቱ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። የጸሐፊ ስም የለም።

የሽማግሌውን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ቤት የገባሁት። አቋሜን አልደብቅም፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ሰዎች፣ ወንድና ወንድም ይሁኑ ሴትና ሴት፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርበው መፈራረም ሊፈቀድላቸው ይገባል ባይ ነኝ። ይህን እዚያ ቡና ላይ ደፍሬ እንዳልተናገርኩ ግን ልናዘዝ።

ተረት፦ «ነገ ከነገ ወዲያ ሊጸድቅ ነው»

ሕጉ የቆመው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻን የወንዶችና የሴቶች መብት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የቤተሰብ ሕጉም የሚናገረው ስለ ባልና ሚስት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ወንጀል ያደርጋል። ኃይልና የመሳሰለው ማክበጃ ሲታከልበት ቅጣቱ በሚቀጥለው አንቀጽ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ጭምር እንዲሰፍር ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች አሰሳ ማድረጉን አስታወቀ። ሠርጉ ቀርቶ ቤት መከራየትም ጭንቅ ነው። «ሊጸድቅ ነው» የሚለው ሰው ወይ ሕጉን አላነበበም፣ ወይ አንብቦ ወሬው ይጣፍጠዋል።

ተረት፦ «ሕጉ ከተፈቀደ ቄሱም ሼኩም ተገደው ያጋባሉ»

ብዙ ቅን ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

አያቶቼ የተጋቡት በሰማንያ ነው። ዋስ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ከብቱና መሬቱ ተቆጥሮ። የቆረቡት ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ከኖሩ በኋላ፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ ነው። እናቴ ስለዚያ ቀን እንደነገረችን፣ ሴት አያቴ ነጠላዋን እንደ ሙሽራ አጣፍታ ከወንድ አያቴ ኋላ ኋላ ስትሄድ የሰፈር ሴቶች በእልልታ ይቀልዱባት ነበር፤ ያገባችው የዚያን ቀን ይመስል። ታዲያ በመሃል ያለው ሠላሳ ዓመት ጋብቻ አልነበረም የሚል ማን ነው? ሰማንያው አንድ ነገር ነው፤ ቁርባኑ ሌላ። ይህን ልዩነት ለኛ ለራያ ሰዎች የሚያስተምር ባለሙያ ከውጭ አያስፈልግም።

ሕጉም ይህንኑ አውቆ ነው የጻፈው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 79 የሚያውቁት ሦስት መንገድ ነው፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ሦስቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ አያንኳኳም። የወሎን ነገር ልብ በሉ። ክርስቲያን ወንድ ሙስሊም ሴት ወድዶ፣ ሁለቱም ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ቢሉ ቄሱ አያጋባቸውም፤ ሼኩም ኒካ አያስርላቸውም። የክብር መዝገብ ሹሙ ግን ሕጉን አይቶ ያስፈርማቸዋል። ቆርባ የፈታች ሴትም እንዲሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ተክሊል ባትደፋላትም መንግሥት ሁለተኛ ጋብቻዋን ይመዘግባል። ሃይማኖት የማይባርከውን ጋብቻ ሕግ ሲመዘግብ ኖሯል። በዚህ ምክንያት ግን አንድም ቄስ ሲከሰስ አልሰማሁም።

ከአገር ወጣ ብለን እንይ። ደቡብ አፍሪካ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በኅዳር 1999 ዓ.ም. ፈቀደች፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ለፓርላማው አንድ ዓመት ሰጥቶት ነበር። በኖቤል ሽልማታቸው የምናውቃቸው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጃቸው ምፎ ቱቱም ቄስ ነበረች። ከአንዲት ኔዘርላንዳዊት ጋር ትዳር ስትመሠርት ግን በ2008 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የክህነት አገልግሎት ፈቃዷን መመለስ ግድ ሆነባት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ጋብቻን የወንድና የሴት ብቻ አድርጋ ስለምታይ። ያኔ ሕጉ ከወጣ አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ልጅቷ የቱቱ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗን ያስገደዳት ግን የለም።

ግሪክ ደግሞ ለኛ ይበልጥ ትቀርባለች፤ አብዛኛው ሕዝቧ ኦርቶዶክስ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. 300 መቀመጫ ካለው ፓርላማዋ በ176 ድምፅ ሕጉን ስታጸድቅ ቤተ ክርስቲያኗ በግልጽ ተቃወመች፤ ዛሬም ትቃወማለች። ሕጉ የሚመለከተው የማዘጋጃ ቤቱን ጋብቻ ስለሆነ ተክሊሉ የቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ቀረ። እርግጥ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ባላት ዴንማርክ ሥርዓቱ በ2004 ዓ.ም. ወደ ደብሩ ገብቷል። እዚያም ቢሆን ያልፈለገ ቄስ «አላጋባም» የማለት መብቱ ተጠብቆለታል።

ተረት፦ «ከፈረንጅ የመጣ ነው፤ በኛ ዘንድ አልነበረም»

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ተዘጋጅቶ በግዕዝ የደረሰን ፍትሐ ነገሥት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን አጥብቆ ያወግዛል። ውግዘቱ ለኔ አቋም እንደማይመች አውቃለሁ፤ ግን በሰው ዘንድ የሌለን ነገር ማን ቁጭ ብሎ ይከለክላል? የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 600 ክልከላውን የያዘውን ሕግ፣ ያረቀቁት ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። «ከፈረንጅ መጣ» ካልን ያኛውንም አብረን እንቁጠረው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ስላላቸው ወንዶች ሕይወት ሲያጠኑ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት የምስጢር ስም «ዜጋ» እንደሆነ ጽፈዋል። ሌላው ሰው ለነሱ ያወጣውን ስድብ ሁላችንም እናውቀዋለን። እነሱ ለራሳቸው የመረጡት ቃል ግን ዜጋ ነው።

ወሬ እንዴት እንደሚያብጥ ደግሞ እኛው ዞን ውስጥ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ደንበኞቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሆኑ ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ባሕር ዳርንና ላሊበላን ሊያስጎበኝ ማቀዱ ተሰማ። የሃይማኖት ማኅበራት ተቃወሙ፤ ድርጅቱም ዛቻ እንደደረሰው ተናገረ። ዕቅዱ ጉብኝት ነበር። ወሬው ከላሊበላ ተራራ ወርዶ እኛ ቡና ላይ ሲደርስ ግን «ቤተ ጊዮርጊስ ውስጥ ሊጋቡ ነው» ሆኖ ነበር።

ተረት፦ «ልጆቻችንን ለመድፈር በር ይከፍታል»

ቁጣውን አልንቅም። ወንድ ልጁ የተደፈረበት አባት ስቃዩ የከፋ ነው። ነገር ግን ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው መጋባታቸውና ሕፃን መድፈር አይገናኙም። ይልቅ ሁለቱን መቀላቀላችን ተጎጂውን ጎድቶታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ተጎጂዋ ሴት እንደሆነች ብቻ አድርጎ ነው። ጎልማሳ ወንድ ተገዶ ቢደፈር ክሱ የሚሄደው ወደ ግብረ ሰዶም አንቀጾች ነው። ሰውየው ለአቤቱታ ሲመጣ በደሉ የሚጠራው በዚያው በሚያሸማቅቀው ስም ነው፤ ታዲያ ስንቱ ዝም ብሎ ይቀራል? በልጅ ላይ የሚፈጸመውን የሚቀጣው አንቀጽ 631 የትም አይሄድም፤ ጋብቻውን የፈቀዱ አገሮችም ልጅ መድፈርን መቅጣት አልተዉም። «ልጆቻችንን በጉዲፈቻ ይወስዱብናል» ለሚሉም፦ ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. ተከልክሏል።

«ጋብቻ ለመውለድ ነው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የስድሳ አምስት ዓመት ባልቴት ሲያገባ እልል እንላለን እንጂ የማኅፀን ምርመራ አንጠይቅም።

ተረት፦ «በብድርና በእርዳታ ያስፈርሙናል»

ይህ ጥርጣሬ ከባዶ አልመጣም። ዩጋንዳ በ2015 ዓ.ም. እስከ ሞት የሚያስቀጣ ሕግ ስታወጣ የዓለም ባንክ አዲስ ብድር አቁሞባት ነበር። ሆኖም ጠቡ ስለ ሞት ፍርዱና ስለ እስራቱ እንጂ ስለ ጋብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓስፊክ አገሮች ጋር የተፈራረመው፣ ብዙ የተወራበት የሳሞአ ስምምነትም ቢሆን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚል ቃል የለበትም። በግሌ በብድር የሚመጣ መብት አልወድም፤ አበዳሪው ሲኮርፍ አብሮ ይሄዳል።

ተረት፦ «ወረቀቱ ምን ያደርግላቸዋል? ዝም ብለው አይኖሩም?»

ዘመዴ የሆነች ሴት ባሏ ሲሞት የጋብቻ ወረቀት አልነበራትም። አሥራ አራት ዓመት አብራው ኖራለች። ጡረታውን ለማስከበር ከቢሮ ቢሮ፣ ምስክር ስትለምን፣ ፎቶ ኮፒ ስታስነሳ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። አንድ ጸሐፊ «ሚስቱ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» ሲላት አጠገቧ ነበርኩ። መልስ አልሰጠችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልልና ትፈታው ነበር።

ጋብቻ በሕግ ዓይን ይህ ነው፦ በትዳር የተፈራው ሀብት እኩሌታ፣ የሟች ጡረታ፣ ሆስፒታል ላይ «ማን ልበል?» ሲባል የሚሰጥ መልስ። የኔዋ ዘመድ ቢያንስ ምስክር ቆጥራ መብቷን ማስመለስ ትችል ነበር። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ሃያ ዓመት አብረው አርሰው፣ አብረው ቤት ሠርተው አንዱ ቢሞት ግን የሟች ወንድም መጥቶ ቁልፉን ይቀበላል፤ ምስክር መጥራት ራሱ ወደ አንቀጽ 629 ይወስዳል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ወዲህ፣ ኔዘርላንድ ያሉት ደግሞ ከመጋቢት 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ወረቀት ማግኘት ይችላሉ። ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተሰኘው፣ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ድርጅትም ስለዚሁ በገዛ ስሙ ይናገራል። እዚህ ያለው ሰው በገዛ ስሙ መናገር አይችልም።

በሳምንቱ እዚያው ቡና ላይ የቅሬውን ዳኛ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ድፍረቴን ሰብስቤ፣ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አድርጌ ጠየቅኳቸው፦ «ጋሼ፣ እንበልና ሁለት ወንዶች አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ሚስት የሌላቸው ቢኖሩ፣ ቅሬው በስንት አባወራ ይመዘግባቸዋል?»

የገባቸው ይመስለኛል። ሲኒያቸውን አሽከርክረው አተላውን አዩት።

«ስንት ቤት ነው ያላቸው?» አሉኝ።

«አንድ።»

«እንግዲያ አንድ መዋጮ ነዋ» አሉና በረካውን እንድትቀዳ ለልጅቷ ምልክት ሰጧት።