ቤተ ልሔም ዘጋይንት፤ የእርሻና የድጓ አገር

አንባብያን ሆይ፤ የአገር ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የነገሥታት ዘመቻና የከተሞች ሕንጻ ነው። ዛሬ ግን በታች ጋይንት ስለምትገኝ ስለ አንዲት ትንሽ የገበሬ አገር፥ ስለ ቤተ ልሔም ጥቂት ላወጋችሁ እወዳለሁ።

ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። ደጋው ገብስና ስንዴ፥ ቆላው ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፤ ቁልቁለቱም እስከ በሽሎ ወንዝ ይወርዳል።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩአት እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ በውስጧ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ አለ። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አይቶት በመጽሐፉ ስለ ጻፈ፥ ዝናው ባሕር ተሻገረ።

በሊቃውንት ዘንድ ግን ስሟ ቀድሞም የታወቀ ነበር፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናትና። ድጓ በሌላ ደብር የተማረ ሁሉ ወደዚህች መጥቶ ዜማውን ያቀናል፤ ተመስክሮለትም መምህር ይሆናል። ከዚያው ከጋይንት ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ማን አበላው? ገበሬው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ የቤቱ እመቤት ከልጆቿ ቁራሽ ከፍላ ትሰጠዋለች። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት መሆኑን ስናስብ፥ ስሙ ለአገሪቱ ምንኛ የተገባ ነው!

ይህ እንጀራ ግን ሁልጊዜ አልተትረፈረፈም። በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሠራዊታቸው በጋይንት አልፏል፤ ሠራዊት ባለፈበትም የገበሬው ጎተራ መጉደሉ አይቀርም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክፉ ቀን ዘመን የከብት እልቂት በመላው ኢትዮጵያ በሬውን ፈጅቶ ሞፈርና ቀንበሩን ሥራ አስፈታ። በእኛም ዘመን መሬቱ በመታጠቡና ዝናቡ በመዛባቱ፥ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የጋይንትና የስማዳ ብዙ ቤተ ሰቦች በሴፍቲኔት እርዳታ ለመታቀፍ ተገደዋል።

እንግዲህ ጎተራ ሲጎድል የሚራበው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ተማሪውም አኮፋዳውን አጥፎ ይሄዳል፤ ጉባኤውም ይፈታል። ስለዚህ ድጓው እንዲቆይ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ለእርሻው ያስብ፤ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከልም ድጓን እንደ መጠበቅ ይቈጠር። በበዓል ሌሊት ማሕሌት ቆመን ጣዕመ ዜማውን ስንሰማ፥ ቁራሿን ከልጆቿ ከፍላ የሰጠችውን የጋይንት እናት እናስባት።