የአጎቴ ማሲንቆ እና የጣት ጫፍ የምታክለው ማይክ

አጎቴ ደጋኑን አንስቶ ይጠብቀኛል። እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የድምፁን መጠን የሚያሳየው መስመር ንቅንቅ አይልም።

«ልጀምር?»

«አንዴ ቆይ ጋሼ።»

ኬብሉን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ምንም የለም። የዚያን ቀን ሳንቀዳ ተለያየን።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። አጎቴ የሚጫወትበትን ማሲንቆ የሠራው ራሱ ነው። አሁን ግን የግራ እጁ ጣቶች ይደነዝዙበታል፤ ደስ ብሎት የሚጫወትባቸው ቀናት እየተራራቁ ነው። ስልኬ በእሱ ቪዲዮ ተሞልቷል። ሁሉም ላይ ግን ከማሲንቆው በላይ የሚሰማው የሳሎኑ ማሚቶ፣ የጎረቤት በር እና የእኔው «በለው!» ነው። ስለዚህ ብር አጠራቅሜ፣ መሣሪያው ላይ በክሊፕ የምትያዝ ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ።

ድምፅ እምቢ ሲል መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻጩን ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ሆኖ ተገኘ። ኮንደንሰር ማይክ ውስጥ ድምፅ ሲነካት የምትርገበገብ ስስ ሽፋን እና ከኋላዋ የማትንቀሳቀስ ሳህን አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ምልክቱ በጣም ደካማ ስለሆነ እዚያው ማይኩ ውስጥ የሚያጠናክረው ሰርኪዩት አለ፤ እሱ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሠሩ አብዛኞቹ ኮንደንሰር ማይኮች ይህን ኃይል የሚያገኙት በራሱ በማይኩ ኬብል በኩል ነው። ስሙ ፋንተም ፓወር ይባላል፤ የተለመደው መጠን 48 ቮልት ነው። የስልካችን የኢርፎን ቀዳዳ ግን ከጥቂት ቮልት በላይ አይሰጥም። ማይኬ አልተበላሸችም፤ ተርባ ነበር።

መፍትሔው ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው። በአንድ በኩል የማይኩን ኬብል ይቀበላል፣ በሌላ በኩል በዩኤስቢ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ስትገዙ 48 ቮልት የሚል ማብሪያ እንዳለው እዩ። አንዳንዱ ሳጥን ለስልክ ባትሪ ስለሚከብድ ከፓወር ባንክ ኃይል መውሰድ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ ኬብሉን ሰኩ፣ ከዚያ 48ቱን አብሩ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ስትነቅሉ የዚህ ተቃራኒ። ኢርፎን ጆሯችሁ ላይ እያለ ብትሰኩ የሚሰማችሁ «ጧ!» የሚል ድምፅ ትምህርቱን በደንብ ያስይዛችኋል። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ድምፅ መጣ። አጎቴ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ የእኔ ማሲንቆ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ማይኳን ያሰርኳት ደጋኑ ከሚያልፍበት ሥር ስለነበር ጭራ ከጭራ ሲፋተግ ብቻ ነው የሚሰማው። ወደ ቆዳው መሃል አስጠግቼ ስሞክር ደግሞ እንደ ከበሮ «ድም ድም» አለ። አቅጣጫ የሚመርጡ ማይኮች ወደ ድምፁ ምንጭ በጣም ሲጠጉ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናሉ።

«መጀመሪያ ጆሮህን አምጣ» አለኝ። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ እሱ እየተጫወተ፣ በሌላው ጆሮዬ ማሲንቆውን ዞርኩት። በስተግራ፣ ከደጋኑ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ጭራውም ቆዳውም እኩል የሚሰሙበት ቦታ ተገኘ። ክሊፗን እዚያው በኩል የእንጨቱ ጠርዝ ላይ አያያዝኳት። ቆዳውን መንካት የለባትም፤ ከነካችው ድምፁን ታፍነዋለች። አንገቷን አጥፌ ከቆዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አራቅኳት። ኬብሉ ሲጎተት እንዳይንኳኳም ትንሽ ላላ አድርጌ አሰርኩት።

የክሊፕ ጥቅም የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አጎቴ ሲጫወት ይወዛወዛል፣ ሞቅ ሲለው ብድግ ይላል። ማይኩ በእግሩ የቆመ ቢሆን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከመሣሪያው በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ክሊፗ ግን አብራው ትወዛወዛለች። መድረክ ላይ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ፊቱን እንዳያዞር፤ ያለዚያ ፉጨቱ አዳራሹን ያስወጣችኋል።

የቀረው ስልኩ ላይ ነው። አጎቴን ከሁሉም የሚያጮኸውን ክፍል እንዲጫወት ለመንኩትና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ጌይኑን አስተካከልኩ። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ በምንም አፕ ወደ ቦታው አይመለስም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩ። የአፑን «ድምፅ ማጥሪያ» አጠፋሁ፤ ማጥሪያው የማሲንቆን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊበላው ይችላል። ፋይሉን በዋቭ፣ በ48 ኪሎኸርዝ እና በ24 ቢት ቀዳሁት። በደቂቃ 9 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ለዚህ ሲባል ጥቂት የቲክቶክ ቪዲዮ ቢጠፋ አይቆጭም። ፍሪጁንም ነቀልኩት፤ ኮንደንሰር ሁሉን ይሰማል።

ሲጨርስ ኢርፎኑን ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እንባ ይመጣ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ኢርፎኑን አውልቆ ደጋኑን አነሳ።

«መሃል ላይ አንድ ጣቴ ስታለች። ድሮ ብትቀዳ አይሰማም ነበር፣ አሁን ግን ተሰማ። በል እንደገና።»

እንደገና ቀዳን። የመጀመሪያውንም አላጠፋሁትም፤ ሁለቱንም ሁለት ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ።