ጾሙ ሳይፈርስ የሚታይ ደም፡ የመገጣጠሚያ ብግነትና ሁለቱ ቁጥሮች

ከዐስር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ጓዳ ሁሉ ለኢፍጣር ይሰናዳል። ሾርባው ይንተከተካል፤ የሳምቡሳው ሊጥ ይዳመጣል፤ ተምሩ ታጥቦ በሰሃን ይደረደራል። በዚህ ግርግር መካከል አንዲት እናት ሊጡን ለልጃቸው ትተው ዳር ይዘው ተቀምጠዋል። ለሱሑር ሲነሱ ጣቶቻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ብለዋቸው ነበር። ለውዱእ የቧንቧውን መክፈቻ ማዞር ተስኗቸዋል፤ ሶላታቸውን የሰገዱትም ወንበር ላይ ሆነው ነው። አንዱ ጎረቤት “ብርድ ነው” ይላል፤ ሌላው “ሪህ ነው፤ ሥጋ ይተዉ” ይላል። ሐኪም የጻፈላቸው የደም ምርመራ ወረቀት ግን እንደተጣጠፈ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። “በጾሜ ደም ልሰጥ እንዴ? ከዒድ በኋላ ይደርሳል” ብለው አቆይተውታል።

እንዲህ ያሉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ሕመሙ በሕክምና ስሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ሪህም ብርድም አይደለም። ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ጠላትና ወዳጅ መለየት ተስኖት የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚከሰት ብግነት ነው። ብዙ ጊዜ የሁለቱንም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች እኩል ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ያደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ካልታከመ አጥንትን እየበላ ጣትን ያጣምማል፤ የተጣመመ ጣት ደግሞ በመድኃኒት አይቃናም። የጊዜ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የቡናው አተላ

ሐኪሙ የብግነቱን መጠን ለማወቅ በብዛት የሚያዝዛቸው የደም ምርመራዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኢ.ኤስ.አር ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተወሰደው ደም እንዳይረጋ ከመድኃኒት ጋር ተደባልቆ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይ የደም ሴሎቹ ስንት ሚሊ ሜትር ወደታች እንደወረዱ ይነበባል። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ አተላው እስኪዘቅጥ እንደምንጠብቀው ማለት ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ሴሎቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ብግነት ሲኖር ግን ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ያመነጫል። ያን ጊዜ ሴሎቹ እንደ ተደራረበ ሳንቲም ይጣበቃሉ፤ ይከብዳሉ፤ ፈጥነውም ይዘቅጣሉ። ይህን መለኪያ ዛሬ ላለበት መልክ ካበቁት አንዱ ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ቬስተርግሬን ነው። የአሠራር ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሁለተኛው ሲ.አር.ፒ ነው። ይህን ፕሮቲን በ1930 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ዊሊያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። እሱንም የሚሠራው ጉበት ነው። ብግነት ከተነሳ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። መንስኤው ሲወገድም በፍጥነት ይወርዳል። ኢ.ኤስ.አር በአንጻሩ ዘገምተኛ ነው፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ሲ.አር.ፒ የትናንቱንና የዛሬውን ሲናገር፣ ኢ.ኤስ.አር ያለፉትን ሳምንታት ይናገራል።

ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም

ወረቀቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው መደንገጡ አይቀርም። ይሁን እንጂ ኢ.ኤስ.አር ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ በደም ማነስና በእርግዝናም ከፍ ይላል። ለሴቶች በግርድፉ የሚሠራበት ስሌት ዕድሜ ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት የ60 ዓመት እናት እስከ 35 ቢሆንባቸው አያስደንቅም። ለወንዶች ዕድሜን ለሁለት ማካፈል ብቻ ይበቃል። ሲ.አር.ፒም ቢሆን ለመገጣጠሚያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጥርስ መግል ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። የሳንባ ነቀርሳም ሁለቱንም ሊያንራቸው ይችላል። በመሆኑም በቅርቡ ትኩሳት ወይም ሳል ከነበረ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ጣታቸው አብጦ ሳለ ሁለቱም ቁጥሮች ልክ የሚሆኑላቸው ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ወረቀቱን ብቻ አያይም፤ እጁንም ይዘረጋል። በብዙ አገሮች የተለመደው የሕመሙ መለኪያ በ28 መገጣጠሚያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ስንቱ እንዳበጠ፣ ስንቱ ሲነካ እንደሚያም፣ ታማሚው ራሱ ጤናውን እንዴት እንደሚመዝነው፣ ከሁለቱ የደም ቁጥሮች አንዱ ተጨምሮ ይሰላል። ውጤቱ ከ2.6 በታች ከሆነ ሕመሙ ተኝቷል ይባላል፤ ከ5.1 በላይ ከሆነ በርትቷል ማለት ነው። “ሩማቶይድ ፋክተር” እና “አንቲ ሲ.ሲ.ፒ” የሚባሉት ምርመራዎች ደግሞ በአመዛኙ ሕመሙን ለመለየት የሚያገለግሉ ናቸው። ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን በየወሩ የሚከታተሉት ግን ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው።

በጾም ወር

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ኢ.ኤስ.አርም ሆነ ሲ.አር.ፒ ባዶ ሆድ አይጠይቁም፤ በልቶም ጾሞም መሰጠት ይቻላል። ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ጾምን እንደማያፈርስ ደግሞ ብዙ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ልቡ የሚጠራጠር ሰው የመስጂዱን ኢማም ይጠይቅ፤ አለዚያም ከኢፍጣር በኋላ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይሂድ። ምርመራውን ለአንድ ወር ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት ግን የለም።

የበለጠ የሚያሳስበው መድኃኒቱ ነው። በረመዳን አንዳንድ ታማሚዎች ቀለል ይላቸዋል፤ “ጾሙ ፈወሰኝ” ብለው መድኃኒታቸውን ያቆማሉ። ስሜቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። በ1991 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ የኖርዌይ ጥናት ከ7 እስከ 10 ቀን ጾመው ከዚያ የአትክልት ምግብ የያዙ ታማሚዎች ሕመማቸውም፣ ሁለቱ የደም ቁጥሮቻቸውም መሻሻላቸውን አሳይቷል። ያ ጾም ግን ከረመዳን ጾም የተለየ ነበር። ከዚህም በላይ ጾም ብቻውን የሚያመጣው መሻሻል ወደ ቀድሞ አመጋገብ ሲመለሱ አብሮ እንደሚጠፋ ታይቷል። ሕመም ቀለለ ማለት አጥንቱ መበላት አቆመ ማለት አይደለም።

ደግነቱ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከጾም ጋር አይጣሉም። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል። በየቀኑ መዋጥ የለበትም፤ አደገኛ ነው። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ በሱሑር ከምግብ ጋር መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ውሃ በጠማው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ስለዚህ በራስ ውሳኔ መጨመር አይገባም። ሐኪም “መጾም ይጎዳዎታል” ካለ ደግሞ ሃይማኖቱ በር ከፍቷል፤ የታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ፣ የማይድን ሕመም ያለበትም ፊድያ እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል።

እናታችን ነገ ጠዋት ያን የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ቢሄዱ የሚሰጡት ደም ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ውጤቱን ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡት። ሐኪሙ አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ሲያስተያይ ነው መንገዱ የሚታየው። የሚቀጥለው ረመዳን ሲመጣ ሳምቡሳውን በገዛ ጣቶቻቸው እንዲጠቀልሉ የዛሬው ወረቀት ከቦርሳ ይውጣ።

ረመዳን ከሪም!