ቤት የሚውል ልጅ ለታናናሾቹ የሚሠራው የጤና ሥራ

ውድ እናቶች፤ ይህች ጽሑፍ ስትነበብ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ነገሩ ለእነርሱም ነውና።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ለወራት ቤት ዋሉ። ያን ጊዜ «ይህን ሁሉ ልጅ ምን ላድርገው?» ያለ ወላጅ ብዙ ነው። በገጠር ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ክረምት በገባ ቍጥር፣ እናት ገበያ አባት አረም በወጣ ቍጥር፣ ቤት የሚጠብቀው የስምንት ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ሕፃኑም የሚቀረው በእርሱ እጅ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ «እንዳያለቅስ አጫውተው» ብቻ ከሚባል፣ የሕፃኑን ዓይንና ሆድ መጠበቅ ቢማር ምን ይጎዳል?

ከዓይን እንጀምር። ትራኮማ የሚባለው በሽታ ሕፃናትን ደጋግሞ ይይዛል። መጀመሪያ የሚታየው ቅላትና ዓይናር ስለ ሆነ ማንም አይደነግጥም። ነገር ግን በተመላለሰ ቍጥር በቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሕፃን የምታቅፉት እናንተ ስለ ሆናችሁ ከወንዶች ይልቅ እናንተን ይጎዳል። በሽታውን የሚያዛምቱት ዓይናር የነካው እጅ፣ ጨርቅና ዝንብ ናቸው። የሦስት ልጅ ዓይን በአንድ የነጠላ ጫፍ መጥረግ በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ ማደል ነው።

እንግዲህ የታላቁ ልጅ ሥራ ጧት ሲነሡ፣ ከዚያም ዓይናር ወይም ንፍጥ ባየ ቍጥር የታናሾቹን ፊት ማጠብ ነው። «ውሃው ሩቅ ነው እኮ» እንደምትሉን እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ግን በቁጠባ ከፈሰሰ አንድ ጣሳ ውሃ ለቤቱ ልጆች ሁሉ ፊት ይበቃል። ሳሙና ባይኖር በውሃ ብቻም ይጠቅማል።

ዝንቡ የሚራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው። «የሕፃን ምን አለው» የሚለው አነጋገር ብዙ ቤት ጎድቷል። ታላቁ ልጅ አንሥቶ መጸዳጃ ጕድጓድ ይጨምረው፤ ከዚያም እጁን በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ ይታጠብ። መታጠቢያውንም ራሱ ይሥራው፤ የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ከታች በምስማር ይበሳል፣ ቀዳዳው በእንጨት ይወተፋል፣ ከመጸዳጃው አጠገብ በገመድ ይንጠለጠላል። ይህን ሥራ ያልወደደ ልጅ እስካሁን አላየንም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ለዚህ አይሆንም።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው የሰውነቱን ውሃና ጨው አሟጦ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው በከረጢት የታሸገ ዱቄት ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። አንድ ጊዜ ልጆችን ሰብስበን «ዱቄቱን በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ» ብለን ሄድን። አንዲት ልጅ «ጠንከር ይበልለት» ብላ ሙሉውን ከረጢት በአንድ የሻይ ብርጭቆ በጠበጠችው። ደግነቱ ሕፃኑ ተፋው እንጂ፣ እንዲያ የበዛ ጨው ራሱ ሕፃን ይጎዳል። ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም፤ ልኩን ያልነገርናት እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ አስቀድመን የምናሳየው ዕቃውን ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ ፈልጉና ከዱቄቱ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡ። ባለ አንድ ሊትሩ ከረጢት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባስቀመጠው ቍጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ፣ ከዚያ ከፍ ያለው ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ይጠጣ፤ በማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ታግሦ እንደገና መስጠት ነው። የተበጠበጠው አንድ ቀን ካደረ ይደፋ። እናት ስትመለስ ጡት ማጥባቷን አትተው፤ ጤና ኬላ የሚሰጠውን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ዐሥር ቀን ትጨርስለት።

ልጁ ሌላም ቁም ነገር ሊሠራ ይችላል፤ ሕፃኑን ባስቀመጠው ቍጥር አንድ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ይጣል። እናት ስትመጣ «ስንት ጊዜ ወጣው?» ብላ ከመጨነቅ ጠጠሩን ትቈጥራለች። ለጤና ባለሙያውም ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

ይህን ስንል ልጁን አሽከር አድርጉት ማለታችን አይደለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ለልጅ ጀርባ አምስት ሊትሩ ይበቃዋል። ከእሳትና ከፈላ ድስት ይራቅ። ሥራውም የሴት ልጅ ብቻ አይሁን፤ ወንድሟም ፊት ማጠብ አያቅተውም። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሕፃን ጠባቂ ሆና እንዳትቀር አደራ።

የልጁ ሥራ የሚያበቃበትንም ንገሩት። የሕፃኑ ዓይን ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም ደም ከተቀላቀለበት ልጁ አንድም ደቂቃ ሳይቆይ ዐዋቂ ይጥራ፤ ሕፃኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ከቅርቡ ጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ ልጁም ወደ ማን ቤት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ይወቅ።