የመነኩሴው ሣጥን

ጆን ዶብሰን ከገዳም የተሰናበተው በቴሌስኮፕ ጦስ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቆ እ.ኤ.አ. በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የቬዳንታ (የሂንዱ ፍልስፍና) ገዳም መነኮሰ። ቤሳ ቤስቲን የሌለው መነኩሴ የቴሌስኮፕ መስታወት ከየት ያመጣል? ከመርከብ መስኮት የወጣ ወፍራም ክብ መስታወት አገኘና በእጁ እየፈተገ አጎደጎደው። ማታ ማታ ለሰፈር ሰው ሰማይ ለማሳየት ሲወጣ «ከገዳሙ መጥፋት አበዛ» ተባለና በ1967 ተሸኘ። በዓመቱ ከሁለት ልጆች ጋር የእግረኛ መንገድ ላይ ኮከብ አሳዮች ማኅበር አቋቋመ። በ2014 በ98 ዓመቱ ሲያርፍ ስሙ የዕቃ ስም ሆኖ ነበር፦ ዶብሶኒያን።

ዕቃው ራሱ ኒውተን በ1668 ከሠራው ቴሌስኮፕ ብዙ አይርቅም። ቱቦው ግርጌ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፤ ከላይ ያለው ትንሽ መስታወት ወደ ጎን፣ ወደ ዓይን ሌንሱ ይመልሰዋል። ዶብሰን የለወጠው መቆሚያውን ነው። የብረት እግሩንና ጥርሳም ማርሹን ትቶ ቱቦውን በኮምፖንሳቶ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሣጥኑ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ በቃ። ፎርማይካ በቴፍሎን ላይ ስለሚንሸራተት በጣት ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ለመቆሚያ የሚወጣው ገንዘብ ለመስታወት ይተርፋል፤ ወሳኙም መስታወቱ ነው። በጨለማ 7 ሚሊ ሜትር ከሚከፈት የዓይን ብሌን ጋር ሲነጻጸር 200 ሚሊ ሜትር መስታወት 800 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ ሻጮች ያስለመዱን ይመስለኛል። ማጉላቱ በዓይን ሌንስ ይቀየራል፤ 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ላለው ቴሌስኮፕ የ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 48 ጊዜ፣ የ10 ደግሞ 120 ጊዜ ያጎላል።

ከፋብሪካ የመጣ ዶብሶኒያን ለማንም ልክ አይደለም፤ ደግነቱ ማንም አናጢ ሊያስተካክለው ይችላል። ለረጅም ሰው ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ሣጥን ሲገባ ወገብ ያርፋል። ቆሞ ማየት ለሚከብደው መቀመጫው ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ማሠራት ይሻላል፤ ተቀምጦ የሚያይ ዓይን ረጋ ስለሚል ዝርዝሩ ይበልጥ ይታየዋል። ከባድ የዓይን ሌንስ ሲገባ ቱቦው ካጎነበሰ፣ ብረት ከሆነ ከኋላው ማግኔት መለጠፍ ነው። ዙሩ ከጠነከረ ከሥር ያሉትን ሦስት የቴፍሎን ቁራጮች ወደ መሐል ማስጠጋት ያላላዋል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ዓይኑን ራቅ አድርጎ የሚያይበት ሌንስ ይምረጥ።

ደጋ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከሞቀ ቤት የወጣ መስታወት የውጪውን ብርድ እስኪለምድ ሥዕሉን ያርገበግበዋል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ማራገቢያ ከመስታወቱ ጀርባ ብትታሰር መጠበቂያው ያጥራል።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሣጥን ሌላም ጥቅም አለው። ሰማይን እየተከተለ የሚዞረው ውድ መቆሚያ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ መነጣጠር አለበት፤ የሰሜን ኮከብ ደግሞ እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ራሱ ሊጋርዳት ይችላል። ዶብሶኒያን የሰሜን ኮከብን አይፈልግም።

የሰሜን ኮከብን ዝቅ ያደረገው ኬክሮስ ግን ዶብሶኒያንንም ይቀጣዋል። እዚህ ጁፒተርና ሳተርን አንዳንድ ዓመት አናት አጠገብ ያልፋሉ፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሣጥኑን ማዞር ያስቸግራል፣ መያዣው ጠፍቶ እጅ አየር ይጨብጣል። በዚያ ላይ በ120 እጥፍ የሚታይ ፕላኔት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከሌንሱ ይወጣል፤ እየገፉ መከተል ነው። ስለዚህ ፕላኔቱን ምሥራቅ በኩል ከአድማስ ጭስና አቧራ በላይ ሲወጣ፣ አናት ከመድረሱ በፊት መያዝ፤ አለዚያ ሻይ እየጠጡ ወደ ምዕራብ እስኪያዘነብል መጠበቅ።