መቅመቆና የተቋጠረ ውሃ

ሾላ ገበያ ቅመም ተራ ውስጥ መቅመቆ ከእርድና ከኮረሪማ ጎን ይቀመጣል፤ ብዙ ገዢ የሚፈልገው ለቅቤ ማንጠሪያ ነው። ደረቅ ሥር ነው፤ ሲሰበር ውስጡ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። ለደም ግፊትና «ውሃ ለቋጠረ ሰውነት» አፍልተው የሚጠጡትም ጥቂት አይደሉም። ይህ ልማድ ተራ ወሬ ብቻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2010 ጆርናል ኦፍ ኢትኖፋርማኮሎጂ ላይ የወጣ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ከሥሩ የወጣ ንጥር የአይጦችን ሽንት እንደሚያበዛ አሳይቷል። ስለዚህ መቅመቆን ከወጥ ቤት መደርደሪያ አውርዶ በቁም ነገር ማየት ይገባል። ነገር ግን ሽንት ማብዛት ሌላ፣ እብጠት ማጥፋት ሌላ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ያበጠ እግር ሁሉ ትርፍ ውሃ አለበት ብሎ ከማሰብ ነው። ልብ ሲደክም፣ ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ወይም ጉበት ሲጠጥር ሰውነት በእርግጥ ውሃና ጨው ያከማቻል፤ አውራ ጣት ቁርጭምጭሚት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲነሳ ጉድጓድ ይቀራል። ያኔ ሽንት ማብዛት ያቀላል፣ ምንጩን ግን አይነካም። ለደም ግፊት በስፋት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ደግሞ ራሱ እግር ያሳብጣል፤ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ውሃው ከውስጣቸው ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ይህ ቦታውን የሳተ እንጂ የተረፈ ውሃ ስላልሆነ ሽንት በማብዛት እምብዛም አይጎድልም፤ የሚሻለው ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ሲቀይር ነው። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስም የሊምፍ እብጠት ነው፤ ንጽሕና፣ ማሰሪያና ጫማ ይረዱታል፣ የተፈላ ሥር አይረዳውም። ጨውም አለ። ሰውነት ለ9 ግራም ጨው 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንጨምራለን፣ ወጡ ላይ እንደግማለን፣ ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ሾላ እንወርዳለን።

«አባቶቻችን በዚሁ ሲድኑ ኖረዋል» የሚል ሙግት ይነሳል። ግማሹ እውነት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ፎክስግላቭ ስለተባለው ዕፅ ያሳተመው መጽሐፍ መነሻው አንዲት የሽሮፕሻየር ሴት ለእብጠት የምትሰጠው የዕፅ ድብልቅ ነበር። ከብዙዎቹ ዕፆች የሚሠራውን ለይቶ፣ ለአሥር ዓመት ያህል በሽተኞቹን እየተከታተለ መጠኑን መረመረ፤ ሲበዛ ይገድላልና። ሽንት አብዢ የመሰለው ዕፅ ዋና ሥራው ልብ ላይ መሆኑ ደግሞ ኋላ ተረጋገጠ። የዛሬው የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን ከዚያው ዘር የተገኘ ነው። የባህል ዕውቀት መነሻ ይሰጣል፤ መጠንን፣ ምክንያትንና ጉዳትን የሚሰጠው ግን ክትትል ነው። ለመቅመቆ ደግሞ በአይጥ ከታየው ወደ ሰው የሚያሻግር መጠን ገና በእጃችን የለም።

«ብዙ ሸናሁ፣ ሠራልኝ» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ሊትር የተፈላ መቅመቆ የጠጣ ሰው ውሃውን ባዶውን ቢጠጣውም ይሸናል። የሚፈርደው ጠዋት ጠዋት የሚለካ ክብደት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ሽንት አብዢውን መድኃኒት ላሲክስን እየወሰዱ በላዩ መቅመቆን በእፍኝ አፍልቶ መጠጣት ነው። መቅመቆ ሆድ የሚያላሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ሁለቱም ፖታሲየም ሲያስወጡ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል፣ ዲጎክሲን ለሚወስድ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ነፍሰ ጡር ፊቷና እጇ አብጠው ራሷን ካመማት የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ። ሌላው ሰው መጀመሪያ ግፊቱን ይለካ፣ ሽንቱን ያስመርምር፣ የሚውጠውን መድኃኒት ስም ይዞ ሐኪም ይጠይቅ፣ ጨውም ይቀንስ። መቅመቆ እስከዚያው ቅቤውን ያሳምር።